ኑዌር ብዬ የጻፍኩበት ካርድ

ከደረጀ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር መለኪያ ማመሳከር ነው። እሑድ ቀን ከጸሎት ቤት ተመልሰን ምሳ በላንና በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እሱ ሁለት የደም ግፊት መለኪያዎችን በቀጭን ጎማ አያይዞ አየር ይነፋል፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ መርፌው የቆመበትን ቁጥር እነግረዋለሁ። ባለቤቴ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነበር፤ እኔ አዋላጅ ነበርኩ።

«የግራው ስንት ይላል?»

«መቶ ሠላሳ ስምንት።»

«የቀኙስ?»

«መቶ ሠላሳ።»

«ዋሾው የቀኙ ነው። ባለፈው ሳምንትም ዋሽቶኛል።»

«ምን ታውቃለህ? የግራው ቢሆንስ የሚያጋንነው?»

«አስቱ፣ መሣሪያ ለእኔ ተዪልኝ። አንቺ ሰው እወቂ።»

በዋሾው ላይ «አይታመንም» ብሎ ወረቀት ለጠፈበት። ሻይ ጠጣን። የጎረቤት ጄኔሬተር ድምፅ በዝቶብን ብዙ አላወራንም። ማክሰኞ ጧት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ቀና አላለም። መጋቢት 2005 ነው፤ ጁባ፣ ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር፣ በተከራየነው ቤት።

ይህን የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር እጽፍና አቆማለሁ። ስለ ደረጀ ብቻ ልጽፍ ነበር የተነሣሁት፤ ነገር ግን ስለ እሱ በጀመርኩ ቁጥር ብዕሩ ወደ ሥራዬ ይሄዳል፣ ከሥራዬም ወደ አንዲት ልጅ ካርድ። ስለዚህ በሥራው በኩል ልምጣ።

ሠላሳ አራት ዓመት አዋልጃለሁ። የመጀመሪያ ምድቤ ወሊሶ አጠገብ ያለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበረች። ደመወዙ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ለሁለት አይበቃም፤ ስለ እሱ ይህ ይብቃ። እዚያ ያገኘኋት ሲስተር ወይንሸት የምትባል አዋላጅ ነች ሥራውን ያስተማረችኝ። ትምህርት ቤቱ ያስተማረኝ ስሙን ነው።

ሲስተር ወይንሸት ወፍራም፣ አጭር፣ ቁጡ ሴት ነበረች። አንዲት ነፍሰ ጡር ስትገባ ወዲያው አትለካትም። ወንበር ላይ ታስቀምጣታለች፣ እግሯ መሬት መርገጡን ታያለች፣ ከዚያ ፋሻ ማጠፍ ትጀምራለች። ዐሥር ፋሻ እስክታጥፍ ስለ ከብቱ፣ ስለ አማት፣ ስለ ዝናቡ ታወራታለች። ዐሥረኛው ሲታጠፍ የሴትዮዋ ልብ ተረጋግቷል ማለት ነው። ያኔ ትለካለች። ቁጥሩን ስትጽፍ ደግሞ በዜሮ የሚያልቅ ነገር አትወድም። አንድ ቀን መዝገቤን ገልጣ አየችው።

«ይሄ ምንድነው? መቶ ሃያ በሰማንያ፣ መቶ ሃያ በሰማንያ፣ መቶ ሃያ በሰማንያ። እነዚህን ሁሉ ሴቶች አንድ እናት ናት የወለደቻቸው?»

«ተቀራራቢ ስለሆነ ነው ሲስተር።»

«ተቀራራቢ ጎረቤት ነው። ያየሽውን ጻፊ።»

ከሁሉ የማልረሳው የጋዋኗን ኪስ ነው። ሁለት ቦታ የተቋጠረ አንድ ክንድ የማይሞላ የጨርቅ ቁራጭ ሁልጊዜ እዚያ አለ። ክንድ ላይ ተጠቅልሎ በአየር የሚነፋውን ጨርቅ እኛ ካፍ እንለዋለን። ሲስተር ወይንሸት ካፉን ከማንሣቷ በፊት ያንን ቁራጭ በሴትዮዋ ክንድ ላይ ታዞረዋለች። ከመጀመሪያው ቋጠሮ ካልደረሰ ትንሹን ካፍ፣ ሁለተኛውን ካለፈ ትልቁን ታነሣለች። ትልቅ ካፍ በቀጭን ክንድ ላይ ሲጠቀለል ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ትንሽ ካፍ በወፍራም ክንድ ላይ ሽቅብ ያሳያል። ነገሩ ይኸው ነው። ማንኛዋም አዋላጅ ታውቀዋለች፣ ማንኛዋም ትረሳዋለች።

አንድ ደንብ ደግሞ ነበራት። «የተሳሳትሽውን ከምሳ በፊት ተናገሪ» ትላለች። «ከበላሽበት በኋላ አይወጣም።» እሷ ራሷ ይህን ስታደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን የመርፌ መጠን ተሳስታ በአምስት ሰዓት ተኩል ለኃላፊው ሄዳ ነገረችው። ኃላፊው ጮኸባት። ተመልሳ ምሳዋን አጣጥማ በላች።

ከወሊሶ በኋላ አሰላ፣ ከአሰላ አዲስ አበባ ሠራሁ። አለቆቼ ብዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ደኅና ሰዎች ነበሩ። አሰላ እያለሁ የአንድ ፖሊስ ሚስት መጥታ «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» አለችኝ። ክንዷን በቋጠሮው ለካሁ፣ ትንሹን ካፍ አሠርኩ፣ ሽንቷን አስመረመርኩ፤ ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ሽንቷም ፕሮቲን አለው፤ እናትን አንቀጥቅጦ የሚገድለው የእርግዝና በሽታ ነበርና በዚያው ቀን አዋለድናት። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁን ይዛ መጥታ አሳየችኝ። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። አውቅ እንደነበር እንዲታወቅ ነው።

ጁባ የመጣነው በደረጀ ሥራ ነው። አገሪቱ ነፃ ከወጣች ጥቂት ወራት ሆኗት ነበር፤ እሱ ለዕርዳታ ድርጅቶች መሣሪያ ሊጠግን ተቀጠረ። እኔም ጥቅምት 2004 አንድ የእናቶች ክሊኒክ ገባሁ። ስሙን አልጽፍም። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ሴቶቹ ከሥሩ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከጀበል ኩጁር በእግራቸው የሚመጡ አሉ፣ በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ የሚመጡ አሉ። ባሪ፣ ዲንካ፣ ኑዌር ከሚባሉት የአገሩ ጎሳዎች፣ ከኡጋንዳና ከእኛ አገር የመጡም ነበሩ። «ኬፍ ማማ?»፣ እንዴት ነሽ እናቴ፣ ስንባባል እንውላለን።

እያንዳንዷ ሴት ካርድ አላት። በካርዱ ላይ ከዕድሜ ቀጥሎ «ጎሳ» የሚል ሳጥን አለ። ሳጥኑ የመጣው ክሊኒኩን ከሚያስተዳድረው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው።

የክሊኒኩ አስተባባሪ ዶክተር መላኩ ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ላፕቶፑ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ክፉ ሰው ነው ብዬ አልጽፍም። መሥራት ይወዳል። አንድ ቀን ሁላችንን ሰበሰበን። የሽንት መመርመሪያው ስትሪፕ፣ ሽንት ውስጥ ተነክሮ ፕሮቲን ካለ ቀለሙን የሚለውጠው ቀጭን ወረቀት፣ እያለቀብን ነበር።

«መዝገቡን በሙሉ ኮምፒውተር ላይ አስገብቼዋለሁ» አለ። «በጣም የሚገርም ነገር ነው ያገኘሁት። የኑዌርና የዲንካ እናቶች ግፊት ዝቅ ያለ ነው። የባሪና ከውጭ የመጡት ከፍ ይላል። በእርግዝና የሚመጣ ደም ብዛት በዘር እንደሚለያይ ደግሞ በሌላውም ዓለም የሚጻፍ ነገር ነው። ስለዚህ ስትሪፑን አደጋ ላለባቸው እናድርገው።»

«ሌሎቹስ?» አለች ጠረጴዛው ጥግ ያለችው የባሪ አዋላጅ፣ ግሬስ።

«ሌሎቹ ግፊታቸው መቶ አርባ በዘጠና ከሞላ ይመረመራሉ። ካልሞላ አያስፈልግም።»

እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። እንዲያውም ልክ መሰለኝ። ቀጫጮች ናቸው፣ ረጃጅሞች ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ይራመዳሉ፤ ደም ብዛት ከየት ይመጣባቸዋል ብዬ አሰብኩ። በየቀኑ በአንድ ትልቅ ካፍ፣ ያንን ሁሉ ቀጭን ክንድ የለካሁት እኔ ነኝ። ትንንሾቹ ካፎች መጋዘን ውስጥ በካርቶናቸው ነበሩ። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ አላወጣኋቸውም። የጨርቅ ቁራጩን ካነሣሁትም ዓመታት ሆኖኝ ነበር። ዶክተር መላኩ «የሚገርም ነገር» ብሎ ያሳየን የእኔን ስንፍና በጎሳ ደልድሎ ነው።

ንያማል ወደ ክሊኒኩ መምጣት የጀመረችው ከዚያ ስብሰባ በኋላ ነው። ኑዌር ናት፤ ያደገችው ጋምቤላ ነው፤ እናቷ በጦርነቱ ጊዜ ይዛት ተሰደደች። አገሩ ነፃ ሲወጣ አብረው ተመለሱና ማንጋቴን የሚባል የጁባ ሰፈር ገቡ። ባሏ ማላካል ከተማ ለሥራ ሄዶ ነበር። እሷ መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግታ የሞባይል ካርድ ትሸጣለች። አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ ይፈጥናል። አንቱታ ግን የለባትም፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

«ሲስተርዬ፣ ሐበሻ መሆንሽን ከሩቅ አወቅኩሽ» አለችኝ መጀመሪያ ቀን።

«በምን?»

«ሰውን ስታዪ ጫማውን ነው የምታዪው።»

ሳቅኩ። ካርዷን ሞላሁ፤ ዕድሜ ሃያ አንድ፣ የመጀመሪያ እርግዝና። ሳጥኑ ላይ ደረስኩ።

«ጎሳ?»

«እዚህ አገር ሁሉም ሰው ይሄን ይጠይቃል! አንቺስ ምን ነሽ?»

«እኔን ተዪኝ፣ ካርዱ ያንቺ ነው።»

«እንግዲያ ሐበሻ በይኝ። ሹሮ እወዳለሁ፣ ብሔራዊ ፈተና አማርኛ ሰማንያ ስድስት አምጥቻለሁ። ጋምቤላ ያደገን ሰው ምን ትይዋለሽ?»

«አባትሽስ?»

«አባቴማ ኑዌር ነው። እኔም ኑዌር ነኝ እኮ፤ ሲጨፈር። ሹሮ ሲመጣ ሐበሻ።»

«አትቀልጂ ልጄ፣ ሰልፉን እዪው።»

«እሺ በቃ፣ ደስ ያለሽን ጻፊ።»

ኑዌር ብዬ ጻፍኩ። ሐበሻ ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ በዚያ ደንብ መሠረት ከውጭ የመጣች ተብላ በየቀጠሮዋ ሽንቷ ይመረመር ነበር። ያቺ ልጅ በሁለት ቃል መካከል ቆማ ደስ ያለሽን ጻፊ አለችኝ።

አራት ጊዜ መጣች። አንድም ቀጠሮ አላለፋትም። በአራተኛው ቀጠሮ፣ ኅዳር 2005፣ ስምንተኛ ወሯን ጨርሳ ነበር።

«ጫማዬ ጠቦኛል» አለችኝ። «የእናቴን ነው ያደረግኩት፣ እዪ።»

«ስምንት ወር ነው እኮ፤ እግር ያብጣል።»

«ራሴንም እዚህ ጋ ይይዘኛል፣ በግንባሬ በኩል።»

«ፀሐይ ላይ ስትውዪ ነዋ። ጃንጥላሽን አትልቀቂ፣ ውኃ ጠጪ።»

ለካኋት። አላስቀመጥኳትም፤ ፋሻ አላጠፍኩም። ትልቁ ካፍ ክንዷ ላይ አንድ ጊዜ ተኩል ዞሮ እንደ ትልቅ ሰው ኮት እጅጌ ሰፍቶ ተንጠለጠለ። መቶ ሃያ ስምንት በሰማንያ አራት። ካርዱ ላይ መቶ ሠላሳ በሰማንያ ብዬ ጻፍኩ። መቶ አርባ በዘጠና አልሞላም። ስትሪፑ በመሳቢያው ውስጥ ነበር። ከእጄ አንድ ክንድ አይርቅም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ማንጋቴን ቤቷ ውስጥ ውኃ ስትቀዳ ወደቀችና መንቀጥቀጥ ያዛት። ጎረቤት መኪና ፈልጎ ሆስፒታል እስኪያደርሳት ሦስት ጊዜ አንቀጠቀጣት። እዚያ ያሉት የሚችሉትን አደረጉ፤ በሆዷ ያለችውን ልጅ በኦፕራሲዮን አወጧት። ሕፃኗ ኖረች። ንያማል ከሰዓት በኋላ ሞተች። ግፊቷን ሆስፒታሉ ሲለካው ስንት እንደነበር ነግረውኛል፤ እዚህ አልጽፈውም።

ሰኞ ዶክተር መላኩ ቢሮው ጠራኝ። አንድ ፎርም አስቀመጠልኝ። የሞት ምክንያት፣ በእርግዝና የደም ግፊት የመጣ መንቀጥቀጥ። ከሥሩ፣ ለሞቱ አስተዋጽኦ ያደረገ ነገር በሚለው ቦታ «እናትየዋ ወደ ሕክምና ዘግይታ መጣች፤ ማኅበረሰቡ ቤት ውስጥ መቆየትን ይመርጣል» ተብሎ ተሞልቷል።

«ዘግይታ?» አልኩ።

«ሆስፒታል የደረሰችው ከሦስተኛው መንቀጥቀጥ በኋላ ነው ሲስተር። ይሄ ዘግይቶ መምጣት ነው።»

«እኛ ጋ ግን አራት ጊዜ…»

«እርስዎ ጋ ስትመጣ መቶ ሠላሳ በሰማንያ ነው። ኖርማል ነው። ይሄ እርስዎንም የሚጠብቅ ነው። ተራ ፎርም ነው፣ ይፈርሙ።»

ፈረምኩ። ይህን ማንም አስገድዶኝ አይደለም። ያንን መቶ ሠላሳ በሰማንያ ማንም ስላልጠየቀኝ ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት። ምሳዬንም በላሁ።

ማታ ለደረጀ ነገርኩት። አልተቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ክንዷ ምን ያህላል?»

በጣቶቼ አሳየሁት። የእጄን ክብ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ።

በማግሥቱ ሥራውን ትቶ ክሊኒክ መጣ። ከመጋዘን ትንንሾቹን ካፎች አወጣ፣ አቧራቸውን ጠረገ፣ የትኛውም እንዳያፈስ ፈተሸ። እኔ ከአሮጌ ነጠላ ጫፍ ቀድጄ ሁለት ቋጠሮ ቋጠርኩ። ከጠዋት እስከ ምሳ ማንጎው ሥር ያሉትን ሴቶች ሁለት ሁለት ጊዜ ለካን፤ አንዴ በትልቁ ካፍ፣ አንዴ ለክንዷ በሚስማማው። እኔ እለካለሁ፣ ግሬስ ትጽፋለች፣ ደረጀ መለኪያውን ያያል። አንዲት የዲንካ ሴት «ሁለቴ የምትለኩኝ መንታ ነው እንዴ ያለው?» ብላ ሰልፉን አሳቀችው።

ቀጭን ክንድ ያላት ሁሉ በትንሹ ካፍ ቁጥሯ ከፍ አለ። አንዲት ቀጭን ባሪ ነበረች፤ የእሷም ከፍ አለ። አንዲት ወፍራም የኑዌር ነጋዴ ነበረች፤ ለእሷ ሁለቱም አንድ ሆነ። ከዲንካዎቹ አንዷ በትልቁ ካፍ ደኅና፣ በትንሹ መቶ አርባ ስድስት በዘጠና ስምንት ሆነች። ሽንቷን ነከርኩ፤ ወረቀቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ፕሮቲን አለ ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ላክናት። ያቺን ሴት በትልቁ ካፍ ብቻ ለክተናት ቢሆን ደንቡ ሳትመረመር ያሳልፋት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልጻፍ። በሕዝቦች መካከል ልዩነት የለም አልልም። ሊኖር ይችላል፤ የተማሩ ሰዎች ይጽፉበታል፣ እኔ አላጠናሁም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ልዩነት አገኘን የሚሉ ሰዎች በምን ለካችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። በአንድ ጎሳ ክንድ ላይ ሰፊ ካፍ ታሥሮ የተገኘ ቁጥር የደማቸው ጠባይ ይባላል። ከዚያ በዚያው ቁጥር ምርመራ ይነፈጋሉ። ካልተመረመሩ በሽታ አይገኝባቸውም። ካልተገኘ ደግሞ ይኸው አልኳችሁ ይባላል። ይህ እንዴት ሳይንስ ይሆናል? ሴትዮዋ ስትሞት ባህሏ ነው ይባላል። በሴትዮዋ በራሷ ላይ የሚለጠፍ ጥፋት ሁልጊዜ ዝግጁ ነው።

ምሳ ሳይደርስ ወረቀቱን ይዤ ዶክተር መላኩ ጋ ገባሁ። ደረጀ በሩ ላይ ቆመ። ዶክተሩ ወረቀቱን አነበበ፤ ፊቱ ተለወጠ። ሰው ነውና ገባው።

«ካፉን ከዛሬ ጀምሮ እንቀይራለን» አለ።

«ደንቡስ?»

«ደንቡ በዋናው መሥሪያ ቤት ጸድቋል። ሌሎች ክሊኒኮችም እየወሰዱት ነው። እንዲነሣ ምክንያት ማቅረብ አለብኝ።»

«ምክንያቱ ንያማል ናት።»

«ሲስተር፣ እሷ በሪፖርቱ ዘግይታ የመጣች ናት። በደንቡ ምክንያት የሞተች ሰው በወረቀት ላይ የለችም።»

«እንግዲያው ሪፖርቱ ይታረም። ፊርማዬን አነሣለሁ።»

«የተላከ ሪፖርት አይመለስም። ደግሞ ያስቡት፤ ፊርማዎን ካነሡ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ካፉን ያሠሩት እርስዎ፣ ቁጥሩን ያጠጋጉት እርስዎ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ይጻፍ።»

«እኔ አልጽፈውም» አለ፣ ላፕቶፑን ሳይዘጋ።

ደረጀ ከበሩ ላይ «ዶክተር፣ መሣሪያ ሲዋሽ አይቻለሁ። ፎርም ሲዋሽ ይባስ ነው፤ ተከፍቶ አይጠገንም» አለው።

በዚያ ቅዳሜ ሁለታችን ማንጋቴን ሄድን። የንያማልን እናት ሰው ሁሉ ማማ ይላታል፤ እኔም እንዲያው ማማ አልኳት። በቆርቆሮ ቤቱ ጥላ ሥር ሕፃኗን በጠርሙስ ወተት ታጠጣ ነበር። አማርኛዋ እንደ ልጇ አይፈጥንም፤ ግን አንድ ቃል አያመልጣትም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ካፉን፣ ቁጥሩን፣ ሳጥኑን፣ ፎርሙን። ስጨርስ ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች።

«ዘግይታ ብለው ጻፉ?»

«አዎ ማማ። እኔም ፈረምኩበት።»

«ልጄ አራት ጊዜ ሄደች። ቦዳውን እኔ ነኝ የምጠራላት። ‹ዛሬ ይቅር፣ ፀሐይ ነው› ስላት ‹ሲስተር ሐበሻዋ ትቆጣለች› ትለኝ ነበር።»

የሕፃኗን ጠርሙስ ተቀብዬ ያዝኩላት።

«ጋምቤላ ሃያ ዓመት ኖርን» አለች ማማ። «እዚያ ኑዌር አሉን። እዚህ መጣን፣ የገዛ ሰዎቻችን ሐበሾች አሉን። አንድ ቀን የሚጠቅማትን ስም የሰጣት የለም። ስትሞትስ ለምን ይዋሹባታል? ይህች ልጅ አድጋ ወረቀቱን ብታነብ፣ እናቴ ሰነፍ ነበረች ትበል?»

«ማማ፣ ይቅር በዪኝ።»

«ይቅርታውን እግዜር ያውቃል። አንቺ ሂጂና አስፍቂው። የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ አስፍቂው።»

ስንመለስ ቦዳቦዳው ላይ ደረጀ ከኋላዬ ሆኖ ትከሻዬን ይዞኝ ነበር። ቤት እንደገባን ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለዋናው መሥሪያ ቤት አብረን ጻፍነው። ያጠፋሁትን በቅድሚያ አደረግኩ። ቀጥዬ የለካናቸውን ሴቶች ቁጥር በሁለት ረድፍ አሰፈርኩ። በመጨረሻ ሁለት ነገር ጠየቅኩ፤ «ዘግይታ መጣች» የሚለው እንዲሰረዝ፣ የሽንት ምርመራው ለሁሉም እንዲሆን። መልስ አልመጣም። በየወሩ ደገምኩት። አንዴ «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚል አንድ መስመር ደረሰኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ እኔና ግሬስ ለሁሉም መንከር ቀጠልን። ስትሪፕ ሲያልቅ ደረጀ ከሚሠራባቸው ቦታዎች እየለመነ ያመጣል። ዶክተር መላኩ ያያል፣ አይናገርም። አንድ ቀን እንዲያውም ሁለት ጣሳ ስትሪፕ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ደንቡ እንዳለ ነው። በሌሎቹ ክሊኒኮች እንደ እኔ የምትቸኩል አዋላጅ፣ እንደ እኔ በአንድ ካፍ እየለካች፣ ሳጥኑን አይታ መሳቢያውን ሳትከፍት ታልፋለች።

ከዚያ መጋቢት መጣ። የደረጀን ነገር ጽፌዋለሁ፣ አልደግመውም። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ማማ ሕፃኗን አዝላ ከማንጋቴን መጣች። ከጸሎት ቤታችን ሴቶች መካከል መሬት ላይ ተቀመጠች። ማን ናት ብለው ሲጠይቁኝ ቀደመችኝ። እሷ ራሷ «ዘመዷ ነኝ» አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሲሄድ ቀረችና አብራኝ አደረች። ጧት ሕፃኗን እያጠበች ጠየቀችኝ።

«የዚህን ወር ደብዳቤ ላክሽ?»

«ማማ፣ በዚህ ሰዓት?»

«እኔ ልጄ በሞተች ሳምንት ወተት ገዝቻለሁ። የግድ ነው። ጻፊ።»

ተቆጣሁ። ክፉኛ ተቆጣሁ፤ ከዚያ ጻፍኩ። የደረጀን ስም ከእኔ ስም ሥር ለመጻፍ እጄ ለምዶ ነበርና ባዶውን ቦታ ረጅም ጊዜ አየሁት። ማማ እስክሪብቶውን ተቀብላኝ እዚያ ላይ የጣት አሻራ በማድረግ ፈንታ በራሷ እጅ ስሟን ጻፈች። ጋምቤላ መሠረተ ትምህርት የተማረችውን ፊደል አልረሳችውም።

ግንቦት ላይ ኮንትራቴ አልታደሰም። ወረቀቱ ዕድሜዬን ይጠቅሳል። ግሬስ ኬክ ጋገረች፤ ዶክተር መላኩ ስለ ሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎቴ ጥሩ ንግግር አደረገ። አጨበጨቡልኝ። እጁን ስጨብጠው «ሲስተር፣ ይተዉት፤ ይረፉ» አለኝ። «ያርሙት፣ አርፋለሁ» አልኩት።

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ በየሳምንቱ ደውላ ነይ ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ደረጀ ከተቀበረ በኋላ እዚህ የሚያቆየኝ ቤት የለኝም። ነገር ግን ፖስታ ቤት የተጣለ ደብዳቤ ይጠፋል፤ በእጅ የተሰጠ ግን ማኅተም ይመታበታል።

አሁን በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ ጧት ከማማ ጋር ወደ ድርጅቱ ቢሮ እንሄዳለን። ሕፃኗን ማማ ታዝላለች። ደብዳቤውን እሰጣለሁ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም እስኪመቱልኝ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ።